የስልኮቹ አውጫጭኝ

እኔ ቶሎ ቱግ የምል ሴት ነኝ። ንፋስ መውጫ ላይ ሥነ ዜጋ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። ጡረታ ስወጣ የምቆጣው ተማሪ አጣሁና ቁጣዬ በሙሉ ወደ ስልኬ ዞረ። የአርብ ገበያ ተወላጆች የምንገናኝበት ግሩፕ አለን። ሰው ሲሞት፣ በሬ ሲጠፋ፣ የገብስ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ፣ ዓረብ አገር ያለ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይነገራል። ኔትወርክ ሰንብቶ የተመለሰ ዕለት የተጠራቀመው መልእክት በአንድ ጊዜ ይንጫጫል፤ ያን ቀን ምሳ መሥራት ቀረ ማለት ነው።

ግሩፑን የከፈተው አዲስ አበባ የሚኖር የአገራችን ልጅ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ያልወደደውን ሰው ያስወጣል፣ ያልጣመውን ጽሑፍ ያጠፋል፣ ለምን ሲሉት አይመልስም። አንድ ቀን የእድራችንን ዳኛ፣ ያን የተከበሩ ሽማግሌ፣ "ረጅም ድምፅ ይልካሉ" ብሎ አስወጣቸው። እድሩ ተሰበሰበና "ይህ ነገር የአንድ ሰው ቤት ነው ወይስ የሁላችን?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ እንደ እድር እንዲመራ ተወሰነ። ሕጉ በስብሰባ ይነበባል፣ ማንም ሰው ምክንያቱ ሳይነገረው አይባረርም፣ የሚያስተዳድሩትም ሦስት ሰዎች ይሆናሉ።

አንዷ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔም ተምረው የተመለሱ መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሦስተኛው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ናቸው። የኔታ ለተሳዳቢ ሰው መልስ ሲጽፉ ግማሹን በግዕዝ ስለሚያደርጉት፣ ሰውየው ተገሥጾ ይሁን ተመርቆ ሳያውቅ ዝም ይላል። ሐጂ ደግሞ መጻፍ አይወዱም። የሚልኩት በድምፅ ነው፤ ከኋላቸው አህያ ሲያናፋና ገበያተኛ ሲከራከር የማይሰማበት መልእክት የላቸውም። እየተነታረክንም ቢሆን ተግባብተን እንሠራ ነበር፤ ያቺ ቪዲዮ እስክትመጣ ድረስ።

ቪዲዮዋ ላይ ያለችው አንዲት ወጣት መምህርት ናት። እናቷ አርብ ገበያ የወላጆቼ ቤት ጎረቤት ናት፤ ልጅቷም ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ንፋስ መውጫ እኔ ቤት ነበር የተቀመጠችው። ከእኔ ጋር እየተጨቃጨቀች ያደገች፣ የሒሳብ ጥያቄ ስታይ ረሃቧን የምትረሳ ልጅ ናት። ተመርቃ አርብ ገበያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትመደብ እኩዮቿ ወደ ከተማ ለመዛወር ደጅ ይጠኑ ነበር። እሷ ግን "እኔ እዚሁ ነኝ" አለች። ስለ አራተኛ ክፍል ልጆቿ ማውራት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም፤ ማን ማካፈል እንደገባው፣ ማን ጣቱን ደብቆ እንደሚቆጥር፣ ሁሉንም ትነግረኛለች።

ባለፈው ዓመት ታመመች። እንቅልፍ እምቢ አላት፣ እህል እምቢ አላት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረች። እናቷ ሐኪም ቤትም ወሰደቻት፣ ጠበልም ወሰደቻት። መድኃኒቱንም ጠበሉንም አጣምራ ያዘች፤ እኔም "ደግ አደረግሽ" አልኳት። ቀስ በቀስ ተሻላት። መተኛት ጀመረች፣ ሳቋም ተመለሰ። ርዕሰ መምህሩ "ቦታሽ አለ፣ ስትችዪ ነይ" ብሏት ስለነበር ወደ ክፍሏ ልትመለስ ስትሰናዳ ነው ቪዲዮዋ የወጣችው።

ጠበል ላይ ነው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ፀጉሯ ረጥቦ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ እየጮኸች ትወራጫለች። የማናውቀው ሰው የጭፈራ ሙዚቃ ጭኖባታል። ጩኸቷን ቆራርጦ ከምቱ ጋር አጋጥሞ ይደጋግመዋል። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። አጫጭር ቪዲዮ በሚለቀቅበት መተግበሪያ ላይ ወጥታ ወዲያው ወደ ግሩፓችን ገባች። እኔ እንዳየኋት አጠፋኋት። ከግሩፑ ብትጠፋም ከሰው ስልክ አልጠፋችም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረች በመጨረሻ ትምህርት ቤት ደረሰች። ልጆች በእረፍት ሰዓት የመምህርታቸውን ጩኸት እያስመሰሉ ይጫወቱ ጀመር።

ልጅቷ በሯን ዘጋች። ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ወደ ሰሌዳው ስዞር ከኋላዬ አንድ ልጅ እንደዚያ ቢጮህ እዚያው እሞታለሁ" አለችኝ። "ማስተማሩን እተወዋለሁ። ማንም የማያውቀኝ አገር ሄጀ እቃ አጥባለሁ።"

የምትለውን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ግትርነቱን ከእኔው ቤት ነው የወሰደችው። ያቺን ልጅ ከክፍሏ ለይቼ ማሰብ አልቻልኩም። በዚያ ሰሞን የምመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጠመኔ ይዛ ልጆቿ ፊት ስትቆም ማየት።

ሦስታችን የቻልነውን ሞከርን። መተግበሪያው ላይ "ሪፖርት" የሚለውን ተጫንን፤ ዘመድ ወዳጁም ሁሉ እንዲጫን ለመንን። መልሱ በእንግሊዝኛ መጣ። አይተነዋል፣ ሕጋችንን አይጥስም ይላል። ለሐጂ በስልክ ተረጎምኩላቸው።

"ሕጋቸውን ያወጣው ሰው ማነው?" አሉኝ።

"እኔ በምን አውቄ!"

"ጠበል ቦታ ቆሞ ያውቃል?"

"እርስዎስ ሐጂ፣ ቆመው ያውቃሉ?"

"አልቆምሁም። ግን የሰው ልጅ ስትታመም ፊቴን ማዞር እንዳለብኝ አውቃለሁ" አሉ።

መክሰስም ታሰበ። ማን እንደቀረጻት፣ ማን እንደለቀቃት ግን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ አንድ አርብ ገበያው ሲበተን በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። እኔም ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ ተንገላትቼ ደረስኩ። የእድሩ ዳኛ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"አባቶቻችን ክምር ሲቃጠል፣ በሬ ሲሰረቅ ምን ያደርጉ ነበር?" አሉ። "አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። ይህ ከበሬ ይብሳል። እኛም እንቀመጥ።"

አውጫጭኝ ማለት እንዲህ ነው። በደለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተጠርቶ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ፣ "ወፍ" ተብሎ ለተመረጠ የታመነ ሰው በጆሮው ይነግረዋል። ወፏ በመጨረሻ ተነሥታ የበደለኛውን ስም ትጠራለች። ማን እንደነገራት ግን ቢገድሏትም አትናገርም።

ሽማግሌው ቀጠሉ። በበሬው ጊዜ ቤት ይበረበር ነበር፤ አሁን የሚበረበረው ስልክ ነው። የሁሉም ሰው ስልክ ሰፌድ ላይ ይደርደርና አንድ በአንድ ይከፈት። ቪዲዮዋን መጀመሪያ የላከው ማን እንደሆነ ከዚያ ይገኛል አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። "ይከፈት!" ብሎ የጮኸው ትልቁ ድምፅ የእኔ ነበር። ደሜ ፈልቷል፤ ያን ሰው በዓይኔ ሳላየው ወደ ቤቴ የምመለስ አልመሰለኝም።

ከበሩ አጠገብ አንድ የባጃጅ ሹፌር እጁን አወጣ። "ስልኬ ላይ የእጮኛዬ መልእክት አለ" አለ።

"ንጹሕ ከሆንህ ምን ያስፈራሃል?" አልኩት።

"መምህር፣ የሰው ቤትና ደብዳቤ ያለ ሕግ አይበረበርም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ እኮ ነዎት! ፈተና ላይም አምጥተውታል።"

ሕዝቡ በሳቅ አለቀ። እኔ ልቆጣ አፌን ስከፍት በሩ ላይ ሳቁ ቀጥ አለ። ልጅቷ መጥታለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆመች። ያ ሁሉ ሰው እሷን ላለማየት መሬት መሬት አየ። ያ ደግሞ የባሰ ነበር።

"ስልክ ሁሉ ሊከፈት ነው አሉ" አለች። ድምጿ እንደ ድሮው ነው፤ ክፍል የለመደ ድምፅ። "ስትከፍቱት የምትፈልጉት እኮ እኔን ነው። አንዱ ላይ ባታገኙኝ ሌላው ላይ ትፈልጉኛላችሁ። እስከ ዛሬ ያላየኝ ሽማግሌም ዛሬ ሊያየኝ ነው።"

ነጠላዋን ከዓይኗ ገለጥ አደረገች።

"እኔ ሰው እንዲታሰርልኝ አልመጣሁም። አትዩኝ ነው የምላችሁ። በእኔም ምክንያት የሌላውን ሰው ጓዳ አትክፈቱ። ጓዳው የተከፈተበት ሰው እንዴት እንደሚሆን እኔ አውቄዋለሁ።"

ይህን ብላ ወጣች። እናቷ ሴቶች መካከል ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስብሰባ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በአንድ ሰው ጭንቅላት የማይወጣ ሕግ ያን ዕለት ሲወጣ አይቻለሁ። አውጫጭኙ ይቀመጥ፣ ነገር ግን የማንም ስልክ አይከፈት ተባለ። ቪዲዮዋ ያለችው ሰው በገዛ እጁ ያጥፋት። የባጃጁ ሹፌር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም አለ፤ የላከ ሰው ለላከለት ሰው ጽፎ "አጥፋልኝ" ይበል። የኔታ ጠበሉን ከሚያጠምቁት ካህናት ጋር ተነጋግረው ከአጥሩ ወዲያ ስልክ እንዳይገባ ለማድረግ ቃል ገቡ። ሐጂ መስጊድ ውስጥ ለማስነገር ተነሡ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እናት ደግሞ፣ በስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ የማታውቅ፣ "የታመመ ሰው ልቡናው ሲመለስ እሱ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ምስሉን ማንም አያውጣ፤ ዘመድም ቢሆን" አለች። ይህን እኔ በመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ልለው ስዳዳ እሷ ጨርሳው ተቀመጠች። በግሩፑ ሕግ ውስጥ እንዳለ ገባ።

ወፍ ማን ይሁን የሚለው ብቻ አከራከረ። ሽማግሌዎቹ ከመካከላቸው አንዱን ሊሾሙ ሲሉ ሴቶቹ "እኛ ለወንድ ጆሮ አንናገርም" ብለው አሻፈረኝ አሉ። የእኔ ስም ተጠራ።

"ወፍ እኮ ሚስጥር የምትይዝ ናት" አሉ የእድሩ ዳኛ። "ይህች ልጅ ስትቆጣ ድምጿ እስከ ስማዳ ወረዳ ይሰማል።"

"ስቆጣ እንጂ ሚስጥር ሳወራ ሰምተውኝ ያውቃሉ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና አለመስማታቸውን አመኑ።

በሳምንቱ አርብ ከአዳራሹ ኋላ ያለው ሜዳ ላይ ሰው ተቀመጠ። ገበያውም ቀዘቀዘ፤ አህዮቹ ጭነታቸው እንኳ ሳይራገፍ ዳር ዳር ቆመዋል። እኔ ከሕዝቡ ራቅ ብዬ አንዲት የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እየተነሣ ወደ ጆሮዬ ይመጣ ጀመር።

መቼም የሰው ነገር አያልቅም። አንዱ መጥቶ ጎረቤቱ ድንበር እንደገፋበት ነገረኝ። "ይህ ሌላ አውጫጭኝ ነው" ብዬ መለስኩት። አንዲት ልጃገረድ ቪዲዮዋን አይታ መሳቋን ነግራኝ አለቀሰች። አንድ አዛውንት የከተማ ልጃቸው ለምን እንደማይደውልላቸው ወፏ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ምን ልበላቸው? የቀረጻትን ሰው የሚያውቅ ግን ጠፋ። ፀሐይዋ እየበረታች፣ ቁጣዬም አብሯት እየበረታ ሳለ የልጅቷ እናት ተነሥታ መጣች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁላት። እጄን ጨብጣ ጎንበስ አለች።

"እኔ ነኝ የቀረጽኋት" አለችኝ።

አልገባኝም። "ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እህቴ። ልጀ ዓረብ አገር ሆኖ 'እህቴ ሞታ ትደብቁኛላችሁ' እያለ ሌት ተቀን ያለቅስብኝ ነበር። ያን ዕለት ጠበሉ ሲያርፍባት ጮኸች። ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ ጮኸች! ሊለቃት ነው አልሁ። ደስ ብሎኝ ነው የቀረጽኋት። ወንድሟ መዳኗን ይይ ብየ ላክሁለት።"

እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠበል ላይ የሚጮህ ሰው የከፋበት አይደለም፤ ሊድን የተቃረበ ነው ይባላል። ያች እናት የላከችው የምሥራች ነበር።

"እሱም ደስ ብሎት ለጓደኛው ላከ፣ ጓደኛው ለሌላ ሰው" አለች። "ሙዚቃውን ያደረገበትን አላውቀውም። እኔ የተሰራጨችውን ቪዲዮ አላየኋትም፤ ሌላ ሰው ተደብቆ የቀረጻት መስሎኝ ስረግም ሰነበትሁ። ጎረቤት ስለ ነጠላዋና ስለ ቆመችበት ድንጋይ ስታወራ ነው የገባኝ። ስረግም የሰነበትሁት ራሴን ነው።"

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ያን ሁሉ ቀን ለአንድ ክፉ ሰው አዘጋጅቼው ነበር፤ ክፉው ሰው ሳይመጣ ይህች እናት መጣች። እጇን ለቀቅኳት፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ እኔም ተነሥቼ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። ወፍ ስም መጥራት አለባት፤ ልማዱ ይህ ነው። ስሟን ብጠራ ልጅቷ ከማስተማሩ በተጨማሪ እናቷንም ታጣለች ብዬ ፈራሁ።

"ወፏ ሰምታለች" አልኩ። "የቀረጻት ሰው ለክፋት አልቀረጻትም። ስሙን አልጠራም።"

ሜዳው ተንጫጫ። "ስም የማትጠራ ወፍ ከየት የመጣች ናት?" አሉ የእድሩ ዳኛ። ሌላው "ዘመዷ ቢሆን ነው!" አለ። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው ከጠራሁ!" አልኩ፤ በዚህ ጊዜ እንኳን ስማዳ፣ እስቴም ሳይሰማኝ አልቀረም።

እናቷ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"እሷን ተዉዋት" አለች። "እኔ ነኝ። እናቷ ነኝ የቀረጽኋት።"

ለእኔ በጆሮዬ የነገረችኝን ለሁሉም ደግማ ተናገረች። ስትጨርስ ሰው ምን ያደርጋት ይሆን ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ያቺ ከኋላ ተቀምጣ ሕጉን የተናገረች ሴት ተነሥታ ሄደች፤ ከትከሻዋ የወረደውን ነጠላ መልሳ አለበሰቻት፣ ከጎኗም ቆመች። ሌላዋም ሄደች፣ ሌላዋም። የእድሩ ዳኛ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ተቀመጪ ልጀ" አሉ ዝግ ብለው። "ማናችንም ብንሆን እንልከው ነበር።"

ሐጂ "ለልጁ ይደወልለት" አሉ። ተደወለለት። ድምፁን ሁላችን ሰማነው፤ ዝም ያለው ፈርቶ እንደሆነ እየተንሰቀሰቀ ተናገረ። ጓደኛውን ያዘው፣ ጓደኛው የላከለትን ያዘው፣ የኔታና የባጃጁ ሹፌር በስልክ እየተከተሉ ለመኑ፣ መከሩ፣ ትንሽም አስፈራሩ። ያ ሙዚቃ የጫነው ሰው በመጨረሻ "የሰው እናት እንዳለችበት አላውቅም ነበር" ብሎ ቪዲዮዋን ከለቀቀበት አወረዳት። የትም አለመቅረቷን ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ እኔም እርግጠኛ ነኝ አልልም። ግን ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ በገዛ እጁ ሲያጠፋ አይቻለሁ። ለላኩለት ሰው "አጥፋልኝ" ብለው መጻፍ ያቃታቸውን ልጃገረዶቹ ጻፉላቸው። ማንም የማንንም ስልክ አላየም።

ሰው ሲበተን እናቷ እጄን ያዘችኝ።

"የኔንም አጥፊልኝ" አለች። "ሕጉ ለሁሉም ነው። ልጀ መቅረጽና መላክ እንጂ ማጥፋት አላሳየኝም።"

አብረን ወደ ቤቷ ሄድን። ልጅቷ በሩን ከፈተችልን። እናቷ ለመቀመጥ እንኳ አልፈለገችም፤ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ልናገር አሰብኩ፣ ግን ይህ የእኔ ነገር አልነበረም።

"አምጪው እስቲ" አለች በመጨረሻ።

ደነገጥኩ። "አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"አላየሁትም፣ እትዬ። ሰዎች አዩኝ እንጂ እኔ ራሴን አላየሁም።"

እናቷ ስልኩን ሰጠቻት። መደቡ ላይ ተቀመጠችና ከፈተችው። ሙዚቃ የለበትም። የውኃው ድምፅ ይሰማል፣ ጩኸቷ ይሰማል፣ ከጩኸቷም በላይ፣ ስልኩን ከያዘው እጅ አጠገብ፣ የእናቷ ድምፅ ይሰማል። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ የሰነበተው ይህ ድምፅ ተቆርጦ በወጣበት ቪዲዮ ነው ለካ።

"አንች እመቤቴ፣ ከኔ ዕድሜ ቀንሰሽ ለሷ ጨምሪላት" ይላል ድምፁ እየተቆራረጠ። "ልጆቿ እየጠበቋት ነው። ወደ ልጆቿ መልሽልኝ፣ እመቤቴ። ወደ ክፍሏ መልሽልኝ።"

ልጅቷ እስከ መጨረሻው አየችው። እኔ እንባዬን እየጠረግኩ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ስልኩን አሸሸችብኝ።

"የእማየ ይቆይ" አለች።

"ሕጉ ለሁሉም ነው ብለናል እኮ፣ የኔ ልጅ።"

"ግሩፑ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ሕጉ ባለቤቱ ካልፈቀደ ነው የሚለው። ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ለእሷ ፈቅጃለሁ።"

ስልኩን ለእናቷ መለሰችላት። እናቷ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። ልጅቷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ዕቃ ስታገላብጥ፣ ሳጥን ስትከፍት ሰማናት። ከዚያ ከውስጥ ሆና ተጣራች።

"እማየ፣ ጋዋኔን የት ነው ያስቀመጥሽው? ለሰኞ መታጠብ አለበት።"